ሦስት ጊዜ የተጠራ ስም

ዕጣው በስም ይጠራ ያልኩት እኔ ነኝ። መስታወት በቁጥር ይሁን ብላ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጥፋቱን በሌላ ሰው ላይ ማላከክ ስለሚያምረኝ ነው፤ አንዳንድ ቀን በጣም ያምረኛል።

ምንተስኖት እባላለሁ። የጥድ አምባ ቀበሌ ጸሐፊ ነኝ። ጥድ አምባ ከሞላሌ በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ያስኬዳል፤ ስሙ ቀረ እንጂ ጥዱስ ከተቆረጠ ቆይቷል። ገብስ አለን፣ በግ አለን፣ ንፋስ አለን። ውሃ ግን የለንም። ሴቶቻችን ጀሪካን አዝለው ገደሉን ይወርዳሉ፣ ይወጣሉ። አንድ ፕሮጀክት ምንጩን አጎልብቶ በቧንቧ ሊያወጣልን ከተስማማ ሁለት ዓመት አለፈው። ያስቀመጠው ግዴታ አንድ ብቻ ነበር፤ ውሃውን የሚያስተዳድረውን ኮሚቴ ሕዝቡ ራሱ በድምፁ ይምረጥ፣ ከግማሽ በላይ ሰው ካልመረጠ ደግሞ ምርጫው አይጸድቅም የሚል።

ሁለት ጊዜ ምርጫ ጠራን፤ ሁለቱንም ጊዜ ሰው አልሞላም። ጥሩንባ አስነፋን፣ በቤተ ክርስቲያን አስነገርን፣ ቤት ለቤት ዞርን። «ልጄ፣ ምረጡ ሲሉን መረጥን፣ እጅ አውጡ ሲሉን አወጣን። አሁን እጃችን ደክሞታል» አሉኝ አንድ ሽማግሌ። ምን እላቸዋለሁ? የእኔም እጅ ደክሞት ነበር፤ ደሞዝ ስለሚከፈለኝ ነው የማወጣው።

በሦስተኛው የፕሮጀክቱ ባለሙያ መስታወት አንድ መላ ይዛ መጣች። መስታወት ከተማ ያደገች፣ ፈጣን፣ ክፋት የሌለባት ልጅ ናት። ድምፁን የሰጠ ሁሉ ዕጣ ውስጥ ይገባል፣ አንድ ዕድለኛ ሃምሳ ሺህ ብር በእጁ ይዞ ይሄዳል አለችን።

«ሰው ለገዛ ውሃው ብር ሊከፈለው ነው?» አልኳት።

«አይከፈለውም፤ ይሸለማል።»

«ምን ልዩነት አለው?»

«ለሁሉም ለመክፈል ብር የለንም፤ አንድ ሰው ለመሸለም ግን አለን» ብላ ሳቀች።

በሳቋ ተናደድኩ። የተናደደ ሰው ደግሞ በሆነ ነገር ማሸነፍ ይፈልጋል። ዕጣው እንዴት ይውጣ የሚለው ላይ ስንደርስ መራጩ ሁሉ ቁጥር ያለበት ወረቀት ይያዝና በቁጥር ይጠራ አለች። እኔ አሻፈረኝ አልኩ። «እስረኛ ነው እንዴ በቁጥር የሚጠራው? ሰው ነው፣ ስም አለው፣ በስሙ ይጠራ።» ቁጥር የማያነበው ብዙ ነው፣ ወረቀቱም በየመንገዱ ይጠፋል ብዬ ጨመርኩበት። ትንሽ አሰበችና ተስማማች። ያን ቀን ደረቴን ነፍቼ ነው ቤቴ የገባሁት።

ደንቡንም የጻፍኩት እኔው ነኝ። ስም የሚመዘገበው መታወቂያው ላይ እንዳለው ነው፤ በቤት ስም፣ በቅጽል ስም አይሆንም። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልቀረበ ዕድሉ ያልፈዋል፣ ሌላ ዕጣ ይወጣል።

የዕጣው ወሬ ጥሩንባው ያላደረገውን አደረገ። በአሥር ቀን ውስጥ ከስድስት መቶ በላይ ሰው ለመመዝገብ መታወቂያውን ላከ። አዎ፣ ላከ ነው የምለው፤ ዝናቡ መላወሻ አሳጥቶን ስለነበር የየጎጡ ተጠሪዎች መታወቂያውን ሰብስበው በፌስታል ያመጡልኝ ነበር። እኔ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ እገለብጣለሁ፤ አንዴ መዝገቡ ላይ፣ አንዴ ለዕጣው በምትሆን ቁራጭ ወረቀት ላይ። ፎቶ አላይም። ዓይኔ ያለው ፊደሉ ላይ ነው። በንጉሡ ሠ ነው በእሳቱ ሰ እያልኩ፣ ድቁና ስማር የለቀምኩትን ሁሉ እዚያ መዝገብ ላይ አራግፌዋለሁ። አንድ ፊደል አልተሳሳትኩም።

እትዬ በዛወርቅ ቢሮዬ የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። እትዬ በዛወርቅ ባላቸው አቶ ገሠሠ ከሞቱባቸው ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። አገራቸው መርሐ ቤቴ ነው፤ ከዓለም ከተማ አልፎ ካለ ቆላ በአሥራ አምስት ዓመታቸው ተድረው መጥተው ሠላሳ ሦስት ዓመት እዚህ ኖረዋል። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት። ሳሌም ትባላለች፤ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። የልቧ በር ተበላሽቷል፤ አዲስ አበባ ሄዳ ካልተቀደደች ተስፋ የላትም ብለዋቸዋል ደብረ ብርሃን ያዩዋት ሐኪሞች። ቀዶ ጥገናው በነጻ ነው፤ ተራም ደርሷታል፤ ሰኔ ዘጠኝ ቀን። ነጻ ያልሆነው የምርመራው፣ የመድኃኒቱና ለወራት ከተማ ተከራይቶ የመቀመጡ ነገር ነው። በጎቹ ተሸጠው አልቀዋል። ሰፈሩ አንድ ጊዜ አዋጥቶላቸዋል፤ ደብረ ብርሃን የሄዱትም በዚያው ነው። ሰኔ ዘጠኝ ካመለጣት ሌላ ተራ የሚገኘው ከዓመት በኋላ ነው። ሳሌም ዓመት እንደማትቆይ ደግሞ ያያት ሁሉ ያውቃል፤ አፍ አውጥቶ የሚናገር ነው ያልተገኘው።

እትዬ በዛወርቅ ነጠላቸው ረጥቦ በሩ ላይ ቆሙ።

«ምንተስኖት፣ እኔ ስብሰባ መጥቼ የማላውቅ ሰው ነኝ። ይኸ ዕጣ የሚሉት እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ እትዬ።»

«ለድሀም ይደርሳል?»

«ዕጣ ድሀና ሀብታም አይለይም።»

«መታወቂያዬን ተጠሪው ወስዶልኛል። ስሜ መግባቱን እስቲ እይልኝ።»

መዝገቡን አልገለጥኩትም። ስድስት መቶ ስም ነው፤ ደክሞኝም ነበር። «ካርዱ ከመጣ ገብቷል፣ አይስጉ» አልኳቸው። አመኑኝና ሄዱ። ያን ጊዜ መዝገቡን ገልጬ በዛወርቅ የሚል ስም ብፈልግ አላገኝም ነበር፤ ባላገኝ ደግሞ እጠይቃቸው ነበር። ነገሩ ሁሉ በዚያች አምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር።

ምርጫው እሁድ ግንቦት ሃያ አራት ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ ሆነ። እንደዚያ ያለ ሰልፍ በዕድሜዬ አላየሁም። ከጓሳ ዳር ሳይቀር በፈረስ የመጣ ነበረ። ሽማግሌ በልጅ ትከሻ፣ አራስ ከነልጇ፣ ሁሉም መጣ። መስታወት ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ፎቶ ታነሳለች። እኔ ሰልፉን አስተካክላለሁ፤ ካርድ እያዩ መዝገቡ ላይ ጣት የሚያስነኩት ከሞላሌ የመጡ የፕሮጀክቱ ልጆች ናቸው። ስለ ውሃ የሚያወራ ሰው አንድ እንኳ አልሰማሁም።

«ከዚህ ሁሉ ምልክት የቱ ላይ ላድርግ?» አሉኝ አንዲት አሮጊት ወረቀቱን ይዘው።

«የወደዱት ላይ፣ እናቴ።»

«ዕጣው ውስጥ የሚያስገባው የቱ ነው?»

ሁሉም ያስገባል አልኳቸው። እፎይ ብለው የመጀመሪያው ላይ ምልክት አደረጉ። አብዛኛው ሰው የመጀመሪያው ላይ ነው ያደረገው፤ ማታ ስንቆጥር አየነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የዕጣው ወረቀት በእንቅብ ተሞልቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ድምፁን ያልሰጠ ሰው ወረቀት አስቀድሞ ወጥቷል። ቄሰ ገበዙ ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ሰደዱና አንዷን አውጥተው ለእኔ ሰጡኝ። ድምፅ ማጉያውን ይዤ ነበር። ወረቀቷን ገለጥኩ፤ የገዛ ጽሕፈቴ ነው።

«አልጣሽ ተገኘ!»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። በጥድ አምባ የማላውቀው ሰው የለም ብዬ የምምል ሰው ነኝ፤ አልጣሽ የምትባል ግን አላውቅም። ሁለተኛ ጠራሁ። «ከጓሳ ዳሮቹ ትሆናለች» አለ አንዱ። «የለችም፣ ሌላ ይውጣ» አለ ሌላው። እትዬ በዛወርቅ ፊት ለፊቴ ነበሩ፤ ከእኔ አሥር እርምጃ አይርቁም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልያሉ። እሳቸውን ሳይ አንድ ሐሳብ መጣብኝ፤ ይህቺ የማትታወቅ ሴት ካልመጣች የእትዬ በዛወርቅ ስም ገና እንቅቡ ውስጥ ነው አልኩ በሆዴ። እንዳትመጣ ተመኘሁ። ሦስተኛውን ስጠራ ድምፄን ዝቅ ያደረግሁት ይመስለኛል። አላደረግሁም ብዬ መማል አልችልም።

ማንም አልቀረበም። አለፋት ተባለና ቄሰ ገበዙ ሌላ አወጡ። አትናቴዎስ ሆነ፤ ወፍጮ ቤት ያለው፣ ሞላሌም ሱቅ የከፈተው አትናቴዎስ። ሰው ተሸከመው፣ ጨፈረ። እትዬ በዛወርቅ ነጠላቸውን አጣፍተው ብቻቸውን ሲወርዱ አየኋቸው። ሄጄ አይዞዎት ልላቸው ነበር፤ ምን ብዬ?

ሰኞ ዕለት መዝገቡን ስዘጋ ነው ነገሩ የከነከነኝ። በአልጣሽ ተገኘ ስም አንጻር የጣት አሻራ አለ። ስለዚህ ይቺ ሴት መጥታ መርጣለች፤ ዕጣው ሲወጣም እዚያው መሆን አለባት፤ ሳይወጣ የሄደ ሰው አልነበረምና። ተጠሪዎቹን ጠየቅሁ፣ ቄሰ ገበዙን ጠየቅሁ። አልጣሽ የሚያውቅ ጠፋ። መንገዴን ይዤ ያገኘሁትን ሁሉ ማንን መረጥክ፣ ማንን መረጥሽ እያልኩም ጠየቅሁ፤ እሱንም የሚያውቅ ጠፋ። በመጨረሻ አንዱ ሌባ በሰው ካርድ መርጧል ብዬ ደመደምኩና ለብቻዬ ስሳደብ ዋልኩ።

ሐሙስ እትዬ በዛወርቅ መጡ።

«ያለ ብርም ቢሆን ልንሄድ ነው» አሉ። «የሆስፒታሉ በር ላይ ይዣት እቀመጣለሁ። ሐኪሞቹም የእናት ልጅ ናቸው፤ አይጥሏትም። ድሆች ናቸው፣ እርዷቸው ብለህ በማኅተም ጻፍልኝ።»

«መታወቂያዎን ይስጡኝ» አልኩ።

የነጠላቸውን ጫፍ ፈተው በላስቲክ የተጠቀለለ ካርድ ሰጡኝ። ፎቶው የእሳቸው ነው። ስሙ አልጣሽ ተገኘ ይላል።

ሁለት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «ይህን ካርድ ማን አወጣልዎት?» አልኳቸው።

«ወንድሜ ነዋ። አባታችን ሲያርፍ ለውርሱ ወረቀት ያስፈልጋል ብሎ ከመርሐ ቤቴ መጥቶ ሞላሌ ወሰደኝ። ሁሉን የጨረሰው እሱ ነው፤ እኔ ጣቴን ብቻ ነው ያሳረፍኩ። ምነው፣ በዛወርቅ አይልም?»

«ይላል» አልኳቸው።

በእኛ አገር ምራት ስትገባ አማት ስም ታወጣላታለች። አሮጌው ሥርዓት ነው፤ አሁን እየቀረ ነው። ያባት ቤቷን ስም እዚያው ትታ ትመጣለች፤ ባሏም፣ ጎረቤቱም፣ የወለደቻቸውም በአማቷ ስም ያውቋታል። የአቶ ገሠሠ እናት እማማ ጌታነሽ ናቸው በዛወርቅ ያሏቸው። ይህን ሥርዓት አላውቅም ነበር እንዳልል የገዛ እናቴ እንኳ ሁለት ስም አላት። በመታወቂያ ስም ብቻ ብዬ ደንብ ስጽፍ እናቴ ትዝ አላለችኝም።

ደብዳቤውን ጽፌ ሸኘኋቸው። ምንም አልነገርኳቸውም። መጀመሪያ ላስተካክለውና ብሩን ይዤ እነግራቸዋለሁ አልኩ። በማግስቱ ሞላሌ ወረድኩ።

መስታወት ስትሰማ ዓይኗ እንባ ሞላ። ግን ብሩ ተከፍሏል፣ ሪፖርቱም ሄዷል። ቃለ ጉባኤውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልቀረበ ዕድሉ ያልፈዋል ይላል፣ ከሥሩ የእኔ ፊርማ አለ። «ሌላ በጀት የለኝም፣ ምንተስኖት። ከየት ላምጣ?» አለች። ቀስ ብላም፣ «በቁጥር ብዬህ ነበር እኮ» አለች። ከዚያ ወደ አትናቴዎስ ሄድኩ።

አትናቴዎስ ሱቁ ውስጥ ነበር። አዳመጠኝ፤ ሳያቋርጠኝ አዳመጠኝ።

«እኔ ሰርቄያለሁ?» አለ ስጨርስ።

«አልሰረቅህም።»

«ሕዝብ ፊት በስሜ ተጠርቼ ነው የወሰድኩት። ለወፍጮው ሞተር አዝዤበታለሁ፣ ሰጥቼ ጨርሻለሁ። ደግሞስ እግዜር ለእሷ ቢያስብ ኖሮ አቤት አያሰኛትም ነበር?» ከመሳቢያው ሁለት ሺህ ብር አወጣ። «ይኸን ለልጅቷ ስጥልኝ።»

ወረወርኩበት ብል ደስ ባለኝ። ተቀበልኩት። የወር ደሞዜን ጨመርኩበት። ለመጀመሪያው ምርመራ እንኳ አይበቃም።

ሰኔ ስድስት ቀን፣ ለተራዋ ሦስት ቀን ሲቀር፣ ወደ እትዬ በዛወርቅ ቤት ሄድኩ። ሳሌም ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ግድግዳውን ተደግፋለች፤ ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራታል፤ ቀንም ሌሊትም ተቀምጣ ነው። እግሯ አብጧል። እጅ ልትነሳኝ ስትሞክር ከለከልኳት። እናቷን ወደ ድንጋይ አጥሩ ወሰድ አድርጌ ብሩን ሰጠኋቸው፤ ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው።

መጀመሪያ አልገባቸውም። ደገምኩላቸው። ካርዱን አስወጥቼ ፊደሉን በጣቴ እያሳየሁ አነበብኩላቸው፤ ይኸ አል ነው፣ ይኸ ጣሽ ነው እያልኩ። ካርዱን ተቀብለው ብዙ ጊዜ አዩት። አላለቀሱም። ቢያለቅሱ ይሻለኝ ነበር።

«ሰምቼ ነበር» አሉ።

«ምኑን?»

«ስትጠራ። አልጣሽ ስትል ሰምቼ ነበር። ታድላ አልኩ። ምን ያለች ዕድለኛ ናት፣ የት ሄዳ ነው የማትመጣው ብዬ ዞሬ ፈለግኋት። የአባቴንም ስም ሰምቻለሁ። ተገኘ ስንቱ ነው አልኩ።» ካርዱን መልሰው በላስቲኩ መጠቅለል ጀመሩ። «በዚያ ስም የምትጠራኝ እናቴ ነበረች። እናቴ ከሞተች ሃያ ዓመት አለፋት። ወንድሜ እቴ ነው የሚለኝ።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እትዬ። ይቅር ይበሉኝ።»

«አንተማ ጠራኸኝ» አሉ። «ሦስት ጊዜ ጠራኸኝ።»

ልሄድ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«እስቲ እንደዚያ ቀን አድርገህ ጥራኝ።»

«እትዬ፣ ይቅርብዎት።»

«ጥራኝ።»

እንደዚያ ቀን ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «አልጣሽ ተገኘ!» አልኩ።

«አቤት» አሉ።

ሳሌም ከደጁ ቀና አለች። ለመናገር ትንፋሽ እስክትሰበስብ ሁለታችንም ጠበቅናት።

«እማዬ፣ አልጣሽ ማናት?»

እትዬ በዛወርቅ ካርዱን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩና ወደ ልጃቸው ሄዱ።

«አንዲት ሴት ናት» አሏት። «ዕጣ ወጥቶላት ሳትቀርብ የቀረች።»